ብቻዬን ልጓዝ ነው፤ ሆቴል ልያዝ ወይስ ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት?

ጥያቄ፦

"ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወደ ውጭ አገር ለእረፍት ልሄድ ነው። የምቆየው አንድ ሳምንት ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ጓደኛዬ 'ሆቴል ምን ያደርግልሻል? ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት (ቁርስ የሚሰጥ፣ በሰው ቤት ውስጥ ያለ የኪራይ ክፍል) ያዢ' ትለኛለች። ታላቅ እህቴ ደግሞ 'የማታውቂው ሰው ቤት ገብተሽ ልታድሪ ነው?' ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያስጨንቀኛል። ግን ሆቴል ክፍል ውስጥ ተዘግቼ፣ ስልኬን ሳይ ሳምንቱ እንዳያልቅብኝም እፈራለሁ። የቱን ይመክሩኛል?"

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ሆቴል እደሪ። ለቀሩት ቀናት ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት ያዢ። ቤቱን ስትመርጪ ግን ከክፍሉ በፊት የሚያከራየውን ሰውዬ ወይም የምታከራየውን ሴትዮ ምረጪ። የክፍል ፎቶ ሁሉም ጋ ያምራል።

ታላቅ እህትሽ የተቆጣችው ስለምታስብልሽ ነው። ጥያቄዋም ተገቢ ነው፤ ማን ቤት እንደምታድሪ ማወቅ አለብሽ። ነገር ግን ሆቴል ሁሉ ያስተማምናል፣ የሰው ቤት ሁሉ ያስፈራል ማለት አይደለም። ብዙ ሆቴሎች ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሪሴፕሽን ላይ ሰው አለ። ጥበቃ አለ፣ የበር ካርድ አለ፣ ኮሪደሩ ላይ ካሜራ አለ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ከእነዚህ መካከል አንቺን ለይቶ የሚያውቅ የለም። ማታ ሳትመለሺ ብትቀሪ ማን ልብ ይላል? ጠዋት ክፍል የምታጸዳው ሴት አልጋው እንዳልተነካ ታያለች፣ ፎጣውን ትቀይራለች፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች። ሥራዋ እሱ ነው፤ አትወቀስም። ሦስትና አራት ክፍል ብቻ ባለው ቤት ግን "ያቺ ልጅ ዛሬ ለቁርስ አልወረደችም፤ ምን ሆና ይሆን?" የሚል ሰው አለ። ሁለት ሆኖ የሚጓዝ ሰው ይህን የሚጠይቅ ጓደኛ ከጎኑ አለው። ብቻውን የሚጓዝ ግን የለውም። እኔ ለብቻ ተጓዥ የሰው ቤት የምመክረው በዋናነት ለዚህ ነው። የዋጋውና የቁርሱ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህ የሚሠራው ግን ቤቱ ውስጥ በእርግጥ ሰው ካለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዛሬ ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት የሚል ስም የለጠፈ ሁሉ እንደ ስሙ አይደለም። በር ላይ በተሰቀለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቁልፍ ይተውልሻል፣ የሣጥኑን ቁጥር በስልክ ይልክልሻል፣ ከዚያ ባለቤቱን አታዪውም። ቁርሱም ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ እሽግ ነገር ይሆናል። ይህ የሚመቸው ሰው አለ። አንቺ የምትፈልጊው ግን ይህን አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ቤት የሆቴሉ ጥበቃ የለውም፣ የቤተሰቡም ዓይን የለውም።

አንዳንድ አገሮች ይህን በሕግ ለይተውታል። ለምሳሌ ፈረንሳይ ውስጥ ሻምብር ዶት የሚባሉት ቤቶች ከ5 ክፍልና ከ15 እንግዳ በላይ መቀበል አይችሉም። እንግዳውን የሚቀበለው ራሱ ነዋሪው መሆን አለበት፣ ቁርስም የግድ አብሮ ይቀርባል። ኩባ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ቤተሰቦች ፈቃድ አውጥተው ክፍል ያከራያሉ፤ በራቸው ላይ መልሕቅ የሚመስል ሰማያዊ ምልክት ይለጥፋሉ። ጃፓን ውስጥ ሚንሹኩ የሚባሉ በቤተሰብ የሚተዳደሩ ማረፊያዎች አሉ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ እራትም ጭምር ስለሚሰጥ፣ ማታ ብቻዬን የት ገብቼ ልብላ የሚለው ጭንቀት ይቀልልሻል። የምትሄጂበት አገር ምን ዓይነት ፈቃድ ወይም ምልክት እንደሚሰጥ ቀድመሽ ጠይቂ። የአገሩ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

እንደ ኤርቢኤንቢ ያሉ፣ የሰዎችን ቤትና ክፍል በኢንተርኔት የሚያከራዩ ድርጅቶችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። ኤርቢኤንቢ ሲጀመር ሐሳቡ የሰው ቤት ማደር ነበር። መሥራቾቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት ሳሎን ላይ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው፣ ለስብሰባ የመጡ እንግዶችን ነው ያሳደሩት። ዛሬ ግን እዚያ ላይ ከሚወጡት ቤቶች ብዙዎቹ ሰው የማይኖርባቸው ሙሉ አፓርታማዎች ናቸው። ስለዚህ ስትፈልጊ "ሙሉ ቤት" የሚለውን ትተሽ "የግል ክፍል" የሚለውን ምረጪ። ከዚያም አከራይዋ እዚያው ትኖር እንደሆነ አረጋግጪ።

እንዴት ታረጋግጫለሽ? ከመክፈልሽ በፊት መልእክት ጻፊ። ረጅም አያስፈልግም። "ብቻዬን ነው የምመጣው። እርስዎ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት? ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤቱ በምሽት በእግር መሄድ ይቻላል? የክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፋል?" ይበቃል። የመልሱን ይዘት ብቻ አትዪ፣ አመላለሱንም እዪ። ጥሩ አከራይ "አዎ፣ እኔና ባለቤቴ ታች ነው የምንኖረው። መንገዱ መብራት አለው፤ በፓርኩ በኩል ግን አትምጪ፣ በዋናው መንገድ ዙሪ" ብላ ትጽፍልሻለች። ይህች ሴት መንገዱን በእግሯ የምታውቅ ናት፤ ስላንቺም አስባለች። "ችግር የለም፣ ሁሉም ጥሩ ነው" ብቻ የሚል መልስ ከመጣ፣ ወይም ደግሞ ስለ ትዳርሽና ስለ መልክሽ መጠየቅ ከተጀመረ እለፊው። ሌላ ቤት አይጠፋም።

የቀደሙ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት ስታነቢም አማካይ ነጥቡ ላይ አትቁሚ። ብቻቸውን የሄዱ ሴቶች የጻፉትን ፈልገሽ አንብቢ። የቅርብ ጊዜ የሆኑትን አስቀድሚ፤ ቤት ባለቤት ይቀይራል። በሰዎቹ አስተያየት ውስጥ የባለቤቷ ስም ደጋግሞ ከተነሳ ጥሩ ምልክት ነው። "ንጹህ ነው፣ ቦታው አሪፍ ነው" ብቻ ከተባለ፣ ጸሐፊዎቹ ባለቤቱን ላያገኙትም ይችላሉ።

አሁን ወደ ቁርሱ ጠረጴዛ እንምጣ። አንቺን የሚያስጨንቅሽ እሱ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

የቁርሱ ጠረጴዛ ለዝምተኛ ሰው ከሌሎች ቦታዎች ሁሉ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ለምን መሰለሽ? መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቃል። ቁርስ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚቀርበው፤ ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ማንም እንዳትነሺ አይዝሽም። የሚወራውም ወሬ የተዘጋጀ ነው፦ ትናንት የት ሄድሽ፣ ዛሬ የት ትሄጃለሽ፣ ዝናብ ይጥል ይሆን? ይህን ለመመለስ ተጫዋች መሆን አይጠይቅም። የእውነት ማውራት ካልፈለግሽ ደግሞ ሰላምታ ሰጥተሽ፣ ካርታሽን ዘርግተሽ መብላት ትችያለሽ። ሰው ካርታ የምታይን ተጓዥ አይረብሽም፤ ቢበዛ "የት ልትሄጂ ነው?" ቢል ነው። በአንዳንድ ቤቶች ለየእንግዳው ትንንሽ ጠረጴዛ አለ። በሌሎቹ ሁሉም አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ፎቶውን ስታዪ የመመገቢያ ክፍሉን ፈልጊው። ትንንሽ ጠረጴዛ ያለውን ከመረጥሽ ጭንቀትሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ሆቴል ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቢ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ሁሉም በጥንድና በቡድን ተቀምጧል፣ አስተናጋጁ "ብቻዎን ነዎት?" ብሎ ጥግ ላይ ያስቀምጥሻል። ዝምታው እዚያ ይከብዳል። ትንሽ ቤት ውስጥ ብቻ መሆን ማንንም አይገርምም።

እኔ ራሴ ከማልረሳቸው ቤቶች አንዱን ላንሳልሽ። አንዲት ጡረታ የወጣች ሴት ናት የምታከራየው። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ እንደምይዝ ማታ ነገርኳት። ቁርስ የሚቀርበው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነበርና እንደሚያልፈኝ አውቄ ተኛሁ። ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ቀስ ብዬ ስወርድ ወጥ ቤቱ መብራት በርቷል። የሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ቆማለች። ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ፣ ጨው ለብቻው በትንሽ ወረቀት ቋጥራ ሰጠችኝ። "ታክሲ ቀጥረሻል?" አለችኝ። ታክሲው እስኪመጣ በመስኮት አብራኝ ጠበቀች። የሰሌዳ ቁጥሩንም አየሁት ብላ ነገረችኝ። ይህን ሆቴል ውስጥ በገንዘብ ልትገዢው አትችዪም። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልሽም። ግን እንዲህ ዓይነት ሰው የምታገኚው በዚህ በኩል ነው።

ማታውስ? ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት አብዛኛውን ጊዜ እራት አይሰጥም። ባለቤቷን ግን "ብቻዋን የሆነች ሴት ተመችቷት የምትበላበት ቦታ የት አለ?" ብለሽ ጠይቂያት። ይህንን ጥያቄ በዚሁ አባባል ጠይቂው። "ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?" ካልሽ ሰው ለየት ያለ ቀን የሚሄድበትን ውድ ቤት ነው የሚነግርሽ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከጠየቅሽ ግን ራሷ የምትሄድበትን ትነግርሻለች። ካርታው ላይም በእስክሪብቶ ትከብልሻለች። በየትኛው መንገድ እንደምትመለሺም ጨምረሽ ጠይቂ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም፤ አንድ ወጥመድ ግን አለ። እንደ ብሪታንያና አየርላንድ ባሉ አገሮች ብዙ ቤቶች ዋጋ የሚያስቀምጡት በሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ይጋራሉ በሚል ስሌት። ብቻሽን ከሆንሽ ሲንግል ሰፕልመንት የሚሉትን ጭማሪ ይጠይቁሻል። ስለዚህ "ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሌሊት፣ ቁርስን ጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው?" ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺ። አንዳንድ ቤቶች ለአንድ ሰው የምትሆን ትንሽ ክፍል አሏቸው፤ ከፎቁ ጫፍ፣ ጠባብ፣ ግን ርካሽ። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለምትውል ሴት ትበቃለች። መታጠቢያው የግል ይሁን የጋራም ጠይቂ። ካርድ የማይቀበሉ ቤቶችም ስላሉ ጥሬ ገንዘብ ያዢ።

ቤቱ ስትደርሺ ሻንጣሽን ከመፍታትሽ በፊት ጥቂት ነገር እዪ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ቁልፉ ይሠራል? መስኮቱስ ይዘጋል? እሳት ቢነሳ በየት ነው የምትወጪው? ቤቱ በጋዝ የሚሞቅ ከሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዳለ ጠይቂ። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። መጠየቅ ነውር አይደለም። ከበር ሥር የምትገባ ሽብልቅ ይዘሽ መሄድም ትችያለሽ፤ ቀላል ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አትይዝም፣ እንቅልፍ ታስተኛለች። የካሜራን ነገር ካነሳን፣ ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ በሚያከራያቸው ቤቶች ውስጥ ካሜራ እንዳይኖር በመላው ዓለም ከልክሏል፤ ውጭ በር ላይ ያለም ቢሆን አስቀድሞ መነገር አለበት። ስለዚህ ውስጥ ካሜራ ካየሽ ፎቶ አንሺ፣ ለድርጅቱ አመልክቺ፣ ውጪ።

ቁርስ ላይ ከሌሎች እንግዶች ጋር ስታወሪ ትናንት የሄድሽበትን በነጻነት አውሪ፤ ነገ የምትሄጂበትን፣ የክፍልሽን ቦታ፣ ብቻሽን ስንት ቀን እንደምትቆዪ ግን ለማታውቂው ሁሉ አትዘርዝሪ። ለአከራይዋ ግን ንገሪያት። "ዛሬ ተራራው ጋ ነኝ፣ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እመለሳለሁ" ብለሽ ውጪ። የቤቱን አድራሻና የአከራይዋን ስልክ ለታላቅ እህትሽ ላኪላት። የሆቴል ሪሴፕሽን ስልክ ከሚኖራት ይልቅ ስምሽን የምታውቅ ሴት ስልክ ቢኖራት እሷም የምትረጋጋ ይመስለኛል።

ሆቴል የሚሻልባቸው ጊዜያትም አሉ፤ ይህን ደብቄ አልመክርሽም። አንዱ ያንቺው የመጀመሪያ ሌሊት ነው። አውሮፕላኑ ከምሽቱ 5 ሰዓት ቢያርፍ፣ ፓስፖርት አስመትተሽ ሻንጣ ይዘሽ እስክትወጪ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ብዙ ቤቶች እንግዳ የሚቀበሉት ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው። ሰው ቀስቅሶ መግባት ለእነሱም ለአንቺም አይመችም። በረራው ከዘገየ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሪሴፕሽን ያለው ሆቴል ያዢ። ሪሴፕሽን ላይ የክፍልሽን ቁጥር ጮክ ብለው ከተናገሩና አጠገብሽ ሰው ካለ፣ ሌላ ክፍል እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ። ምድር ቤት ያለውን ክፍልም እንዳይሰጡሽ ንገሪያቸው።

ሌላው፣ ስታመሚ ወይም ማንንም ማየት የማትፈልጊበት ጊዜ ላይ ስትሆኚ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ በሥራ የደከመ ሰው፣ በር ዘግቶ ቀኑን ሙሉ መተኛት የሚፈልግ ሰው ሆቴል ይሂድ። ደረጃ መውጣት የሚከብደውም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ ቤቶች አሮጌ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም።

ልብ በዪ፣ እዚያ የምትሆኚው ደንበኛም እንግዳም ነው። ከፍለሻል፤ ስለዚህ ሙቅ ውሃ ከሌለ፣ አንሶላው ካልጸዳ በትህትና ተናገሪ። እኛ ይሉኝታ ያጠቃናል፤ የሰው ቤት ነው ብለን ዝም እንላለን። ዝም አትበዪ። በሌላ በኩል ማታ ጫማሽን አውልቀሽ ደረጃውን ውጪ፣ ቁርስ የማትበዪ ከሆነ ከማታው ንገሪያቸው። ማታ በር የሚዘጋበት ሰዓት ካለ ከመያዝሽ በፊት እወቂ።

ሳምንቱን ሙሉ ግን በአንድ ጊዜ አትክፈዪ። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት ብቻ ያዢ። ከተመቸሽ "ልጨምር?" ትያለሽ፤ ቦታው ይሞላል ብለሽ ከሰጋሽ ደግሞ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚፈቅደውን ቤት ምረጪ። የአንድ ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ለብቻ አስቀምጪ፤ ለሌላ ነገር አትንኪው። ቤቱ ገብተሽ አንድ ነገር ልብሽን ካልተመቸው፣ ምክንያቱን በቃላት መግለጽ ቢያቅትሽም፣ ማንንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። "የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ" ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ፣ በዚያ ገንዘብ ሆቴል እደሪ፤ የተከፈለው ሂሳብ ይመለስ አይመለስ የሚለውን በማግስቱ ትጠይቂያለሽ።